እትዬ ስንዱና የንግሥቲቱ ልጆች

አስካለ ከጀሞ ስትደውል ወሬዋን የምትጀምረው በታክሲ ሰልፍ ነው። ስንት ሰዓት እንደቆመች፣ ማን እንደገፋት፣ ረዳቱን ምን እንዳለችው ሳትነግረኝ ወደ ሌላ ነገር አትሄድም። ባለፈው ጥቅምት ግን «ሄሎ» ካለች በኋላ ዝም አለች። አስካለ ዝም ያለችባቸው ቀኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ደነገጥኩ።

«ምነው? ምን ሆነሻል?»

«እትዬ ስንዱ አረፉ፣ ወይንዬ። እዚያው ጅማ። ከተቀበሩ ሳምንታቸው።»

ሰው ሲሞት ለቅሶ ይደረሳል። የእትዬ ስንዱ ለቅሶ ግን የት ይደረሳል? ነፋስ ስልክ የነበረችው ቤታቸው ፈርሳ መንገድ ወጥቶባታል። አብረን የሠራንበት ሳሙና ፋብሪካ ከተዘጋ ዘመን አልፎታል። ቀብሩ አልፏል፣ እኛም ዘመድ አይደለንም። በማግሥቱ እኔ፣ አስካለና ማርታ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ አንድ ኬክ ቤት ገባንና ለቅሶ ተቀመጥን። አስተናጋጇ መጥታ «ምን ልታዘዝ?» ስትል ማርታ እንባዋን እየጠረገች «ሦስት ሻይ» አለቻት። ልጅቷ ግራ ገብቷት ከሻዩ ጋር አንድ ክምር ሶፍት አምጥታ አስቀመጠችልን።

እስኪመሽ ስለ እሳቸው አወራን፤ አልጨረስነውም። የቀረውን እዚህ ልጻፈው።

ማሸጊያ ክፍል ስቀጠር ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ደርግ ከወደቀ ገና ሦስት አራት ዓመቱ። ያኔ ከነፋስ ስልክ ወደ ላፍቶ ሲኬድ ያለው አገር ግማሹ እርሻ ነበር፤ ዛሬ አስካለ አራተኛ ፎቅ የምትኖርበት ጀሞ እህል ይታጨድበት ነበር። አሥራ አራት ሴቶች ቀኑን ሙሉ ቆመን ሳሙና በወረቀት እንጠቀልላለን፣ ካርቶን ውስጥ እንደረድራለን። እነዚህ ልጆች እጃቸውን ውኃ ካስነኩት አረፋ ያወጣል እያሉ ይቀልዱብን ነበር። እውነታቸውን ነው።

እትዬ ስንዱ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛዋ ነበሩ። ክፍላቸው ከግቢው በር ጎን ያለች አንድ መስኮት ያላት ጠባብ ቤት ናት። ግድግዳው ላይ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ሰሌዳ አለ፣ ከሥሩ ገመዶች ተንጠልጥለዋል። ከውጭ ሲደወል ትንሽ መብራት ትበራለች፤ እሳቸው ገመዱን ይሰኩና «ፋብሪካ ነው፣ ማንን ላቅርብልዎ?» ይላሉ። ሃምሳን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ መነጽራቸው ባንድ በኩል በፕላስተር የተያያዘ ሴት ነበሩ። ማዳመጫውን የሚያደርጉት ባንድ ጆሯቸው ብቻ ነው። «አንዱ ጆሮ የፋብሪካው ነው፣ አንዱ የራሴ» ይሉ ነበር።

አንድ አመል ነበረባቸው። ወሬ መሃል መብራቷ ስትበራ እኛኑ «ይጠብቁኝ፣ አይዝጉት» ብለውን ይዞራሉ። ስልኩን አገናኝተው ሲመለሱ ካቋረጡበት ቃል ይቀጥላሉ፤ አንዲት ቃል አትጠፋባቸውም። ከግቢው ውጭም ይኸው አመል አልለቀቃቸውም። መንገድ ላይ ቆመን ስናወራ የሚያውቁት ሰው ሰላም ሊላቸው ከመጣ፣ በዚያው በስልክ ድምፃቸው «ይጠብቁኝ፣ አይዝጉት» ብለውን ወደ ሰውየው ይሄዱ ነበር።

አሁን ስለ መጽሐፉ። ማሽን ሊተክል ከውጭ መጥቶ የነበረ አንድ መሐንዲስ ሚስት ነበረችው። አገሩ አልለመድ ብሏት በየሳምንቱ ከእናቷ ጋር እንዲያገናኟት እትዬ ስንዱን ትለምናለች። እትዬ ስንዱ በልጅነታቸው ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ተምረዋል፤ መስመሩ እስኪገኝ ሲያወሩ ሲያወሩ ወዳጅ ሆኑ። ሴትዮዋ ወደ አገሯ ስትመለስ አንድ ጀርባው የተላጠ፣ በሥዕል የተሞላ ትልቅ መጽሐፍ ሰጠቻቸው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ስለነበረች የኦስትሪያ ንግሥት ነው የሚያወራው። አሥራ ስድስት ልጅ ወልዳለች። ከሴቶቹ ያደጉላትን፣ ቢሆንላት ሁሉንም፣ ለየአገሩ ነገሥታትና መሳፍንት ልትድር ስትለፋ የኖረች ሴት ናት።

ምሳ ሰዓት ላይ ምሳ ዕቃችንን ይዘን እሳቸው ዘንድ እንሄዳለን። ክፍሏ የምትይዘው ሦስት ሰው ነው፤ ሌላው ደጃፉ ላይ ካርቶን አንጥፎ ይቀመጣል። መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ይዘረጉና ፈረንሳይኛውን በዓይናቸው እያነበቡ በአማርኛ ይነግሩናል። መጀመሪያ ላይ በጣም ተቸግረን ነበር፤ የሴቶቹ ልጆች ሁሉ ስም የሚጀምረው በማርያም ነው።

«ይቺ ማርያም የትኛዋ ናት?» ትላለች አስካለ፣ «የትናንቷ ናት ወይስ የቅድሟ?»

በሦስተኛው ቀን እትዬ ስንዱ ሰለቻቸውና ስም አወጡላቸው። በሽተኛዋን፣ ጀርባዋ የጎበጠውን ታላቋን «እሜቴ» አሏት። እናቷ አብልጣ የምትወዳትን፣ ከሁሉ መሃል እሷ ብቻ የወደደችውን እንድታገባ የተፈቀደላትን «ስለእናት» አሏት። ቆንጆዋን «መልኬ»። ሌላ ሰው እየወደደች ለማትፈልገው መስፍን ተድራ፣ እናቷን እስከ መጨረሻው ያኮረፈችውን «ቅያሜ»። የመጨረሻዋን፣ በኋላ የፈረንሳይ ንግሥት ሆና አንገቷን የተቆረጠችውን ደግሞ «ማሚቴ»።

በወር ጊዜ ውስጥ የንጉሥ ልጆቹ የሰፈራችን ልጆች ሆኑ። ሳሙና ስንጠቀልል ሳይቀር ስለ እነሱ ነበር የምንጨቃጨቀው። «ስለእናት ደግሞ አበዛችው፣ ለእናቷ ወሬ የምታቀብለው እኮ እሷ ናት» ትላለች አንዷ። ሌላዋ «አንቺ ብትሆኚ አታቀብይም?» ትላታለች።

መልኬ ፈንጣጣ የያዛት ዕለት አስካለ ምሳዋን ትታ ተነሣች። አስካለ ራሷ ሕፃን ሳለች ይዟት ፊቷ ላይ ጠባሳ ትቶባታል።

«የንጉሥ ልጅም ፈንጣጣ ይይዛታል?»

«ይይዛታል እንጂ። ፈንጣጣ በረኛ አይፈራም» አሉ እትዬ ስንዱ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የሚያገባት ንጉሥ ጠፋ። ኋላ ገዳም ሆነ ኑሮዋ።»

«ሞኝ!» አለች አስካለ። «እኔ በዚሁ ፊቴ ሁለት ባል አግብቻለሁ። ሁለቱንም ያባረርኩት ራሴ ነኝ።»

እትዬ ስንዱ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። አስካለ ግን ከሰዓቱን ሁሉ ሥራ ላይ ዝም ብላ ዋለች። ከላይ በጣት የሚቆጠሩ ካልኳቸው ቀኖች አንዱ ያ ነው።

ሁላችንም ከልጆቹ ወገን ነበርን። እናቲቱን ስንረግማት ግን እትዬ ስንዱ አይወዱም ነበር። «ተዉ፣ እናት ናት» ይላሉ። «ገና ስትነግሥ ጎረቤቶቿ ሁሉ መሬቷን ሊቀራመቱ ተነሥተውባት ነበር። ልጄን እዚያ ብሰጥ ያኛው አይነካኝም ብላ ነው። ፈርታ ነው።»

ማርታ ከወላይታ የመጣች ጴንጤ ናት፤ የማንም ታሪክ ሲወራ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው። «ግን ጸልያበታለች?»

«ትጸልያለች። በቀን ስንት ጊዜ።»

«ታዲያ እግዚአብሔር ልጆቹን ጠይቂያቸው አላላትም?»

እትዬ ስንዱ መብራቷ ሳትበራ ወደ ሰሌዳው ዞረው ገመዶቹን ማስተካከል ጀመሩ። የምሳ ሰዓት ያለቀ መስሎን ተነሣን።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ታላቅ እህቴ ብርቱካን በወሊድ ሞተች። ሕፃኗ ተረፈች፤ ሴት ናት። እናቴ ከሐኪም ቤት በቀጥታ ወደ እኛ ቤት አምጥታ እቅፏ ውስጥ አስገባቻት። የብርቱካን ባል ግርማ ላፍቶ መንገድ ላይ እንጨት ሥራ ቤት አለው፤ ዝምተኛ፣ ጨዋ፣ ሲያወራ እጁን የሚያይ ሰው ነው።

ከአርባዋ በኋላ አንድ እሑድ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጠራኝ።

«ሽማግሌዎቹ መክረዋል» አለኝ። «ሕፃኗ የእንጀራ እናት እጅ ከምትወድቅ አንቺ ብትሆኚ ይሻላል ተብሏል። ግርማ እንደሆን የምታውቂው ሰው ነው። የእህትሽም ቤት አይዘጋ።»

ዝም አልኩ። በእኛ ቤት ሴት ልጅ ዝም ካለች እሺ ማለቷ ነው። ግርማ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ መጥላት ይቀለኝ ነበር። ክፉ አይደለም። ብርቱካን ታማ ሳለች ሾርባ በማንኪያ ሲያጠጣት አይቻለሁ፤ እኔን ደግሞ ከትንሽነቴ ጀምሮ «ሚጡ» እያለ ነበር የሚጠራኝ።

ሥራ ስመለስ የምሳ ሰዓቱ ታሪክ የማሚቴ ሠርግ ላይ ደርሶ አገኘሁት። እኔ ለቅሶ ከመቀመጤ በፊት የተውነው ሌላ ልጅ ላይ ነበር፤ ለኔፕልስ ንጉሥ ታጭታ ጓዟ ሲሰናዳ ነበር የቀረው።

«የኔፕልሷ ሙሽራስ? ሄደች?» አልኩ።

አስካለ ምሳ ዕቃዋን ከፍታ ዘጋችው።

«የሷን ሌላ ጊዜ» አሉ እትዬ ስንዱ፣ ገጽ እያገላበጡ።

በማግሥቱም፣ በሦስተኛውም ቀን የሷ ታሪክ አልመጣም። በአራተኛው ቀን ከምሳ በፊት ፈቃድ ጠይቄ ብቻዬን ሄድኩ።

«የዘለሉትን ይንገሩኝ፣ እትዬ።»

አዩኝና በርጩማውን በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝ። «ተቀመጪ። መቼም ካልሰማሽው አታርፊም።» መጽሐፉን አላወጡትም፤ በቃላቸው ነው የነገሩኝ። «ሠርጓ ደርሶ ነበር። ልብሷ ተሰፍቷል፣ ጓዟ ተጭኗል። ከመሄዷ በፊት እናቷ ቤተሰቡ የተቀበረበት ወስዳ አብረው ጸለዩ ይባላል። ብዙም ሳትቆይ ፈንጣጣ ያዛት። ልትሄድ በነበረበት ሰሞን…»

መብራቷ በራች። «ይጠብቁኝ፣ አይዝጉት። ፋብሪካ ነው፣ ማንን ላቅርብልዎ? የሉም ጌታዬ። ከሰዓት ይሞክሩ።» ተመለሱ። «…ልትሄድ በነበረበት ሰሞን ተቀበረች። ከሷ በፊት ለዚያው ሰውዬ የታጨች እህቷም በዚያው በሽታ ነው የሞተችው።»

«ሙሽራውስ?»

«ውሉ አልፈረሰማ። እናቲቱ ከቀሩት ልጆቿ አንዷን ውሰዱ ብላ ላከች። ታናሿን ወሰዱ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አለቀሰች፣ ለመነች፣ ማን ይሰማታል። የሄደች ዕለት ሠረገላው ሊንቀሳቀስ ሲል ዘልላ ወርዳ ማሚቴን አንቃ ይዛ ትስማት ነበር አሉ። ሁለቱ በጣም ነበር የሚዋደዱት። ከዚያ ሄደች።»

«ለሷ ስም አላወጡላትም?»

«አውጥቼላታለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ምትኬ።»

ምትኬ የሚባለው ልጅ ሞቶ በእግሩ የተወለደ ልጅ ነው። መጽናኛ ስም ነው፣ እናት ደስ ብሏት የምታወጣው። ያን ዕለት ግን እኔን አላጽናናኝም።

«እኔንም ምትኬ ሊያደርጉኝ ነው፣ እትዬ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ልጄ፣ የስልክ ሠራተኛ እኮ ነኝ» አሉና ፈገግ አሉ። ፈገግታው ብዙ አልቆየም። በርጩማዬ አጠገብ ጎንበስ ብለው እጄን ያዙ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ብርቱካን ከሞተች ሁለት ወር ሊሆናት ነው። በነዚያ ቀኖች ስንት ሰው መጥቶ ስለ እኔ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ይህን ቃል ያወጣ አንድም አልነበረም። አለቀስኩ። ለብርቱካን ስንት ጊዜ አልቅሻለሁ፣ ይህ ግን ሌላ ለቅሶ ነበር።

«ሕፃኗን እፈልጋለሁ» አልኩ። «ግርማን አልፈልግም። ግን እሱን እምቢ ካልኩ ሌላ ያገባና እሷን ይወስዳታል።»

«ይህን ለአባትሽ ነግረሽዋል?»

«ማን ጠየቀኝ?»

እትዬ ስንዱ ማዳመጫቸውን አወለቁት። በሥራ ሰዓት ያለ ማዳመጫ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ጸጉራቸው ላይ የማዳመጫው ማሰሪያ ምልክት ቀርቷል።

«ልጅ አለችኝ» አሉ። ሁላችንም መሐን ናቸው ብለን ነበር የምናስበው። «ጽጌ ትባላለች፣ ጅማ ናት። ያ ክፉ ዘመን ነው፤ ጠዋት ስትወጪ የሰው ልጅ በየመንገዱ ወድቆ የምታገኚበት። አባቷ ሞቷል። እሷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ከክፍሏ አንደኛ ናት። ከትምህርት ቤት ትንሽ ከቆየች ነፍሴ አትቀመጥም። አንድ የጅማ ቡና ነጋዴ ሰው ልኮ ጠየቀኝ። ትልቅ ሰው ነው፣ ቤት ንብረት አለው፣ ከዚህ ያወጣታል። ባንድ ሳምንት ሰጠኋት። ‹እማዬ፣ ፈተናዬን ልፈተንና› አለችኝ። ይህችን ብቻ ነው ያለችኝ። እሷንም አልሰማኋትም።»

«ዳነች ግን» አልኩ።

«ዳነች። ይቅር ግን አላለችኝም። አሥራ ሰባት ዓመት።» ሰሌዳውን አዩት። «በዓል በመጣ ቁጥር ከዚህ እደውላለሁ። ታነሳዋለች። ድምፄን ስትሰማ ትዘጋዋለች። ግን ወዲያው አይደለም፣ ወይንሸት። አንድ ሁለት ትንፋሽ ትሰጠኛለች። እስከሚቀጥለው በዓል በሱ እኖራለሁ።»

ሲያወሩ መብራቷ በርታ ነበር። ሳያነሱት ጠፋች።

በሚቀጥለው እሑድ ከሰዓት ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን ተሰብስበው ቀን ሊቆርጡ ነበር። ግርማ በሩ ጋ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እኔ ጥግ ላይ ቆሜያለሁ። በሩ ተንኳኳና እትዬ ስንዱ ነጭ ነጠላ ለብሰው ገቡ። አባቴ ሊያስተዛዝኑ የመጡ መስሎት ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላቸው።

«ጋሽ ተሰማ፣ ሳልጠራ ነው የመጣሁት፣ ይቅር ይበሉኝ» አሉት። «አንድ ጥያቄ ጠይቄ እሄዳለሁ።»

«ይጠይቁ።»

ወደ እኔ ይዞራሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ወደ ግርማ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንተ ምን ትፈልጋለህ?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወይዘሮ፣ ይሄ እኮ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።»

«አውቃለሁ ጌታዬ። ከቤተሰቡ ውስጥ ያልተጠየቁት የሚያገባውና የምታገባው ስለሆኑ ነው የመጣሁት።»

ግርማ እጁን ያያል። ጣቶቹ ላይ የደረቀ ኮላ አለ፤ በአውራ ጣቱ ይልጠዋል።

«እሺ ያልኩት ለእናንተ ብዬ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሕፃኗን እንዳትቀሙኝ ፈርቼ። ወይንሸት እህቴ ናት። ከኋላዋ ሳያት ብርቱካን ናት። ስትስቅ ብርቱካን ናት። እሷን አግብቼ ብርቱካንን በየቀኑ ልቅበራት?» ባርኔጣውን አንሥቶ ፊቱን ሸፈነበት።

ያን ሰው ስፈራው ነበር የከረምኩት፤ እሱም ለካ እንደኔ ተጨንቆ ኖሯል።

«ታዲያ ሕፃኗስ?» አለ አባቴ በቁጣ። በማን ላይ እንደተቆጣ ራሱም ያወቀ አይመስለኝም።

እናቴ ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር፣ ሕፃኗን አዝላ። ሽማግሌ ፊት ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። «ሕፃኗማ ይኸው ጀርባዬ ላይ ናት» አለች። «የጠየቀኝ የለም እንጂ የትም አትሄድም። አባቷም ሥራ ሲጨርስ እየመጣ ይያት።»

እትዬ ስንዱ ያን ጊዜ ነው ወደ እኔ የዞሩት። «ወይንሸት፣ በይ ለአባትሽ አንቺው ንገሪው።»

«አባዬ፣ አልፈልግም» አልኩት።

ሁለት ቃል ናት። ካወጣኋት በኋላ አባቴ እስከ ፍልሰታ አላናገረኝም። እትዬ ስንዱንም እስኪሞት ድረስ «ያቺ ስልከኛ» እንጂ በስማቸው ጠርቷቸው አያውቅም። ግርማ ግን በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ፣ ልብሱ ላይ ሰጋቱራ እንዳለ እየመጣ ልጁን አቅፎ ያመሽ ነበር። ሁሉ ነገር ደግሞ እንደፈለግኩት አልሆነም። ልጅቷ አምስት ዓመት ሲሞላት አንዲት ደግ ሴት አገባና ወሰዳት። ያን ሰሞን ባዶ አልጋዋን እያየሁ አግብቼው ቢሆን ኖሮ ብያለሁ፤ አልዋሽም። ሳምንት አልቆየብኝም። አላሰብኩትም ግን አልልም።

ሽማግሌዎቹ በመጡ ማግሥት፣ ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ ስንዱ የምትኬን ታሪክ ለሁሉም ተናገሩ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ባልየው አደን ይወድ ስለነበር አገሩን የገዛችው እሷ መሆኗን ሲሰሙ ሴቶቹ አጨበጨቡ።

«ደስተኛ ነበረች ግን?» አለች ማርታ።

«እሱን መጽሐፉ አይልም» አሉ እትዬ ስንዱ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የዓመት ፈቃዳቸውን ጠይቀው ማንም ሳይሸኛቸው በአውቶቡስ ጅማ ሄዱ። ሲመለሱ ጠቆር ብለው፣ ከስተው ነበር። ጠብቄ ጠብቄ ብቻቸውን ሳገኛቸው ጠየቅኳቸው።

«በሩን የከፈተችልኝ ስምንት ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት» አሉኝ። «ግንባሯን ሳይ የልጅ ልጄ መሆኗን አወቅኩ። ‹እማዬ፣ ማን ናት?› ብላ ጮኸች። ጽጌ መጥታ አየችኝ። ‹እንግዳ ናት፣ አስገቢያት› አለቻት።»

«እግዚኦ!»

«ምን ቸገረኝ። እንግዳም ቢሆን ምሳ ይቀርብለታል። ሁለት ቀን አደርኩ። በሁለተኛው ቀን ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና ሳትል፣ ‹ለምን አልጠየቅሽኝም?› አለችኝ። መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ንግግር ነበር፣ ስለ ዘመኑ፣ ስለ ፍርሃቴ። ሁሉም ጠፋኝ። ‹እኔንም የጠየቀኝ ሰው የለም፣ ልጄ። መጠየቅ የሚባል ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር› አልኳት።»

«ምን አለችዎት?»

«ምንም። ሽንኩርቱን መክተፍ ቀጠለች። እያለቀሰች ነበር፣ ግን በሽንኩርቱ ይሁን በኔ እንጃ።»

የዚያን ዓመት መስቀል ዋዜማ በመስኮታቸው ሳልፍ ማዳመጫውን እንዳደረጉ አምስት ጣታቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። አምስት ትንፋሽ። ለገና ሲደውሉ ሌላ ሰው አንሥቶ ጽጌ ተኝታለች አላቸው፤ አመማት ብለው ጥርን እንቅልፍ አልነበራቸውም።

የካቲት ላይ አንድ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ሊያልቅ ሲል፣ ሌሎቹ ውኃ ሊቀዱ ተነሥተው እኔ ብቻ ቀርቼ ነበር። መብራቷ በራች።

«ፋብሪካ ነው፣ ማንን ላቅርብልዎ?»

የሚናገረውን አልሰማሁም። የእትዬ ስንዱ እጅ ግን ሌላኛውን ገመድ እንደያዘ አየር ላይ ቀረ።

«ራሴ ነኝ» አሉ።

ከዚያ ለረጅም ጊዜ ሰሙ። «ስንት ወርሽ ነው?» አሉ። «ስምንት… እግርሽ ያብጣል?… የመጀመሪያዋን ማን አረሰሽ?… ብቻሽን?… አይዞሽ። እኔ እመጣለሁ። መጥቼ አርስሻለሁ፣ የኔ እናት። ነገ እነሣለሁ።» ንግግሩ ካለቀ በኋላም ገመዱን መንቀል አቅቷቸው ቆዩ። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቀው ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

«ወይንሸት፣ ልትወልድ ነው። መጥተሽ እረሺኝ አለችኝ። ማዞሪያውን ያዢልኝ፣ ለልጆቹ ልንገራቸው።»

ያን ዕለት የወጡ እንደሆነ ወጡ፤ አራሷን አርሰው ሕፃኑን አሳድገው እዚያው ጅማ ቀሩ። እኔ ግን ያኔ ይህን አላውቅም። ማዳመጫውን አጠለቅኩ፣ መብራት በራ፣ ሌላም ጨመረ። የቱ ገመድ የት እንደሚሰካ አላውቅም። አንዱን እንደምንም ሰካሁ። በመስኮቱ እትዬ ስንዱ ጓሮ ቧንቧው ጋ ሴቶቹ መሃል ቆመው ሲናገሩ ይታየኛል፤ መጀመሪያ ማርታ አቀፈቻቸው፣ ከዚያ አስካለ ባልዲዋን ጥላ እልልታዋን አቀለጠችው። የቀሩት አሥራ ሁለቱም ተቀበሏት።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ በስልኩ ውስጥ የማላውቀው ሰውዬ። «ሠርግ አለ እንዴ እዚያ?»

«የለም ጌታዬ» አልኩት። «እትዬ ስንዱን ልጃቸው ጠርታቸው ነው።»